በበሩ በኩል አልደርቅ ያለው ሊሾ

ጾንዮ ዳቦ ሲገዛ መጀመሪያ ያንኳኳዋል። ገልብጦ ሆዱን በጣቱ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል፤ ድምፁ ካልጣመው መልሶ ሌላ ያነሣል። ሐብሐብም እንዲሁ ነው። የጎረቤት ግድግዳም፣ የወይን በርሜልም አይቀሩትም። አንድ እሑድ ቄስ ሳቫ ስለ ዘላለም ሕይወት ሲሰብኩ የተቀመጠበትን አግዳሚ ወንበር ሳይቀር አንኳኩቷል። ቄሱ ስብከታቸውን አቋረጡና «ጾንዮ፣ ማን አለ ውስጡ?» አሉት። «ማንም የለም አባቴ፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው» አላቸው።

ሙያው ነው እንዲህ ያደረገው። ጾንዮ የተጎዳ ወለል መርምሮ ይጠግናል። ሊሾ ሲሰነጠቅ፣ ዱቄት ሲያወጣ፣ ወይም ላዩ ጤነኛ መስሎ ከሥሩ ካለው አርማታ ሲላቀቅ የሚጠራው እሱ ነው። በአንድ እጁ ትንሽ መዶሻ፣ በሌላው ጠመኔ ይዞ በጉልበቱ ይድኻል። አርማታውን አጥብቆ የያዘ ሊሾ ሲመታ «ጢን» ይላል፤ የለቀቀው «ዱብ»። ዱብ ባለበት ሁሉ በጠመኔ ክብ ይሠራበታል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፍልስፍና ሳስተምር ኖሬ ስለ ባዶነት ብዙ አንብቤአለሁ፣ ብዙም ተናግሬአለሁ። ባዶነትን በመዶሻ ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ በጠመኔ ከብቦ «ይኸውላችሁ፣ እዚህ ጋ ነው» የሚል ሰው ግን ከእሱ በቀር አላጋጠመኝም። ጎረቤቴ ነው። አመሻሹ ላይ ከወይኑ ዳስ ሥር ተቀምጠን ራኪያ የምንለውን የፍራፍሬ አረቄ ስንጠጣ እኔ በሰው ልጅ ዕጣ እቆዝማለሁ፤ እሱ ብርጭቆውን ያንኳኳል።

ሚስቱ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልወለዱም። ስድሳን አለፈ፤ ጢሙ ሸበተ፤ ጉልበቱ ላይ የሚያስረው የጎማ ትራስ እንኳ ሰው ይመስል አብሮት አረጀ። እኛም እሱም፣ ይህ ሕይወት በዚሁ ያልቃል ብለን ተስማምተን ተቀምጠን ነበር። የአዳራሹ ወለል ባይበላሽ ኖሮ ያልቅም ነበር።

ዶልና ቫርባ ትንሽ ከተማ ናት፤ ያላት አዳራሽም አንድ ነው። በአንድ ወገን መጻሕፍት፣ በሌላው ወገን መድረክ፣ መካከሉ ደግሞ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ሆሮ የሚጨፍርበት ሰፊ ወለል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሩቅ የመጡ ሠራተኞች በክረምት ምድጃ እያነደዱ፣ ለበዓሉ እናድርስ እያሉ አዲስ ሊሾ አለበሱት። በበዓሉ ዕለት ሆሮው ሲጀመር ወለሉ እንደ ከበሮ አስተጋባ፤ ጭፈራው ሲሞቅ ከመድረኩ እስከ በሩ ተሰነጠቀ። አዳራሹ ተቆለፈ፤ ቁልፉም ደጃፍ ካለው የአበባ ማሰሮ ሥር ተቀመጠ። ቁልፉ እዚያ መሆኑን የማያውቅ ሰው በከተማችን የለም።

በመቆለፉ ከሁሉ በላይ የተጎዳችው ቬሊካ ነበረች። የሴቶቹ የዘፈንና የጭፈራ ቡድን መሪ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ቀጥ ያለች፣ ስትቆጣ ቅንድቧ ብቻ የሚናገር ሴት። ቡድኑን አንዴ በትምህርት ቤት ኮሪደር፣ አንዴ በእሳት አደጋ መኪናው ማቆሚያ አስጠጋችው፤ ሴቶቹ ግን እያደር ሳሱ። ውጭ አገር፣ ቫሌንሲያ ያለችው ልጇ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለች፣ እማዬ፣ እዚያ ምን ቀረሽ፣ ነይ ከኔ ጋር ኑሪ ትላታለች። ቬሊካ እምቢ የምትልበት ጊዜ እያነሰ ሄደ።

በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ከመፍረሱ በፊት አንድ ሰው ይየው ብሎ ጾንዮን ላከ። እሱ ሲገባ ሴቶቹ የጭፈራ ልብሳቸውን ከመድረኩ ጀርባ ሊወስዱ መጥተው፣ እዚያው ቆመው ያንጎራጉሩ ነበር። ጾንዮ ቆቡን አውልቆ፣ ለማዳመጥ ጸጥታ እንደሚያስፈልገው በትሕትና ገለጸ።

«ዝም በሉ ነው የሚሉን?» አለችው ቬሊካ። «ይሄ ቤት እኮ ዝም ብሎ ነው የከረመው ጌታዬ። እርስዎ በዜማችን ልክ ያንኳኩ።»

ጾንዮ በሕይወቱ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ሴቶቹ ዘፈን አነሡ፤ ያን አንድ እግሩን የሚጎትት የሚመስል፣ እንግዳ ሰው ሊቆጥረው ቢሞክር የሚሳሳትበትን የእኛን ምት። እሱም ተንበርክኮ በምቱ ላይ ያንኳኳ ጀመር። ጢን ጢን ዱብ። ጢን ዱብ ዱብ። ዱብ ባለ ቁጥር ሴቶቹ በሳቅ እየፈነዱ «ሆይ» ይላሉ፤ እሱ ክብ ይሠራል። ዘፈኑ ሲያልቅ ወለሉ በጠመኔ ክቦች ተጥለቅልቆ ነበር። ጾንዮ ጉልበቱን እያራገፈ ሲነሣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ጠመኔውን ጆሮው ላይ፣ እርሳሱን አፉ ውስጥ አድርጎታል። ለቬሊካ ሊነግራት የፈለገው ወለሉ እንደማይፈርስ ነበር፤ የነገራት ግን ድምፅሽ ያምራል ብሎ ነው። ይህን ያወቅሁት ከእሱ አይደለም፤ እስከ ማታ ከተማው በሙሉ ሰምቶታል።

በማግስቱ ዳቦ ሳያንኳኳ ገዛ። ዳቦ ሻጯ ደንግጣ ቤቴ ድረስ መጣች፤ ጾንዮ ታሟል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ አልኳት።

የምርመራው ውጤት ግን ጥሩ ነበር። ወለሉ ሁለት በሽታ አለበት አለን። አንደኛው፣ አርማታው በደንብ ሳይጠረግ በአቧራ ላይ ሊሾ ስለፈሰሰበት አልተጣበቀም። ሁለተኛው የችኮላ በሽታ ነው፤ አዲስ ሊሾ ላዩ ተቃጥሎ ከደረቀና ሥሩ እርጥብ ከቀረ፣ ጠርዙ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ወደ ላይ ይታጠፋል። «ሊሾ እንዲጠነክር መጀመሪያ ውሃ ማጠጣት፣ መሸፈን፣ መተው ነው» ይል ነበር ለሁሉም። «ሊሾ የሚያስቸኩልህን ሰው ከቤት አስወጣው።» እባካችሁ ይቺን ቃሉን ያዙልኝ።

የተላቀቀውን በቀጭን መሰርሰሪያ እየበሳ በመርፌ ሙጫ ወጋው። ስንጥቁን አግድም አግድም ቦይ አውጥቶ ብረት እየቀበረ ልክ እንደ ቁስል ሰፋው። ሙጫው እስኪይዝ ከላይ ጫና ስለሚያስፈልግ ከመጻሕፍቱ ወገን ወፍራም ወፍራሙን አምጥቶ ደረደረበት። እኔም ከቤቴ ረዳሁት፤ ስለ ህላዌ የተጻፉ ጀርመንኛ ቅጾቼ በዚያ ወለል ላይ እንደነበራቸው ያለ ክብደት ከዚያ በፊት ኖሯቸው አያውቅም። ሊድኑ ያልቻሉ ሁለት ቦታዎች ግን ነበሩ፤ አንዱ በበሩ በኩል፣ አንዱ ከመድረኩ ፊት። እነዚህን ቆርጦ አወጣና አዲስ ሊሾ አፈሰሰባቸው። ሁለቱ ሲደርቁ አናጢው ግሮዝዳን ሙሉውን ወለል ፓርኬ ሊያለብሰው እንጨቱን ጠርቦ ይጠባበቃል።

ጾንዮ ቬሊካን የጠየቃት ያኔ ነው። መድረኩ ፊት ተንበርክኮ ሳለ፣ ታገቢኛለሽ ወይ አላት። እሱ ሁልጊዜ ተንበርክኮ ስለሚኖር ለሥራ የተንበረከከ መስሏት «የት ጋ ነው የተነሣው?» አለችው። ደግሞ ጠየቃት። ቅንድቧ ከፍ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ወረደ።

«ስማኝ ጾንዮ» አለችው፤ አንቱታው ከቀረ ሰንብቷል። «የማይጨፈርበት ከተማ ውስጥ አርጅቼ አልሞትም። አዳራሹ ከገና ጾም በፊት ከተከፈተ እዚሁ ወለል ላይ አገባሃለሁ። ካልተከፈተ ግን ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ትኬቱን ልላክ እያለች ነው።»

በጾም ሠርግ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። የሊሾን ጠባይ ደግሞ ጾንዮ ያውቃል። ሁለቱን ሲያስተያይ ጊዜው እንደ ጠባብ ሸሚዝ አስጨነቀው። እናም ያን ያህል ሰው የመከረበትን ቃሉን ረሳና ሊሾውን የሸፈነበትን ላስቲክ ገለጠ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ ከሰው ቤት ማሞቂያ ለምኖ መድረኩ ፊት ደቀነ። እያፏጨ ነበር ይህን የሚያደርገው። ፍቅር ጆሮን ይደፍናል የሚል ነገር በየትኛውም ቅጽ ውስጥ አላነበብኩም፤ በዓይኔ ግን አይቻለሁ።

የመድረኩ ፊት በፍጥነት ደረቀ። የበሩ በኩል ግን አልደርቅ አለ። ጾንዮ ለርጥበት መለኪያ የሚጠቀምበት የብረት ጠርሙስ አለው፤ ከሊሾው ቆንጥሮ ከኬሚካል ዱቄት ጋር ውስጡ ይከትና ይንጠዋል፣ ውሃ ካለ ጋዝ ይፈጠርና ክዳኑ ላይ ያለው የመለኪያ ቀስት ይነሣል። የበሩን በኩል በለካ ቁጥር ቀስቱ ሽቅብ ይዘላል። ጣሪያ ላይ ወጣ፤ የሚያፈስ የለም። የውሃ ቧንቧውን ዘጋ፤ ለውጥ የለም። ከሥር ምንጭ ይኖራል ብሎ ውጭ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ የወጣው የጠፋ የብረት ምጣድ ብቻ ነው። እንቅልፍ አጣ፤ ከሳ። በመጨረሻ ወደኔ መጥቶ፣ ነገ ሳይነጋ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ አብረን ተደብቀን ይህ ውሃ ከየት እንደሚመጣ እንይ አለኝ።

እናም እኔና እሱ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ በዚያ ቀይ መጋረጃ ጀርባ በሁለት የሕፃናት ወንበር ላይ ኩርምት ብለን ንጋትን ጠበቅን። ጎህ ሲቀድ ቁልፉ ተንቋቋ። የገቡት እማማ ኔዳ ነበሩ፣ የቬሊካ እናት። በእጃቸው የመዳብ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል። ግራ ቀኝ አዩና በበሩ በኩል ባለው አዲስ ሊሾ ላይ ውሃውን ቀስ ብለው አፈሰሱ። «ሥራህ እንደ ውሃ ይውረድልህ ልጄ» አሉ። አማተቡና ወጡ።

ጾንዮ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ ግን ሳቄ እንዳያመልጠኝ መሐረቤን አፌ ውስጥ ከተትኩ። እኛ አገር ሰው ለጉዞም ሆነ ለፈተና ሲወጣ፣ አዲስ ሥራም ሲጀምር በፊቱ ውሃ ይፈስለታል፤ መንገዱ ይቃናለት ዘንድ። ይህን እያወቅን ጣሪያ ለጣሪያ ስንዞር ከርመናል።

ሊነሣ ሲል ቁልፉ እንደገና ተንቋቋ። ቄስ ሳቫ ናቸው። ከቀሚሳቸው ሥር ጠበል የያዘ ጠርሙስ አወጡና እንደ መርጨትም እንደ ማፍሰስም አድርገው ጨረሱት። ቀጥሎ ዳቦ ሻጯ፣ በእንስራ። ከእሷ ቀጥሎ የመጣውን ሳይ መሐረቡም አልበቃኝም። አናጢው ግሮዝዳን በቢራ ጠርሙስ ውሃ ይዞ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ ሊሾውን ዳሰሰና አለመድረቁን ሲያይ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያመጣትን ውሃ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ደፋበት። ለእያንዳንዳቸው የግል ምስጢራቸው ነው። እያንዳንዳቸው ለጾንዮ የሚያስብለት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ወጡ።

የመጨረሻዋ ቬሊካ ነበረች።

ያቺ ከተከፈተ አገባሃለሁ፣ ካልተከፈተ እሄዳለሁ ያለች ሴት የወጥ ቤት ድስት ሙሉ ውሃ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች በጣቷ ጫፍ ገባች። አፈሰሰች። ባዶውን ድስት ደረቷ ላይ አስደግፋ ወለሉን አየችው። ከዚያ ማንም አያየኝም ብላ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ኋላ የሆሮውን ምት ረግጣ ዘወር አለች።

ጾንዮ ሊነሣ ሞከረ። ያ የሕፃን ወንበር ግን እግሩን አደንዝዞታል። መጋረጃውን ጨብጦ፣ መጋረጃውም ከነዘንጉ አብሮት መጥቶ፣ ከመድረኩ ጠርዝ ተንሸራትቶ እፊቱ ባለው አዲስ ሊሾ ላይ በጉልበቱ ወደቀ።

«ዱብ» አለ ወለሉ።

ሦስታችንም ሰማነው። ቬሊካ በድንጋጤ ድስቱን አነሣች፤ ቀይ መጋረጃ የለበሰውን ጉድ ልትመታ ነበር መሰለኝ። ጾንዮ ግን አላያትም። ከመጋረጃው ውስጥ እጁን አወጣ፤ ከኪሱ መዶሻውን ፈልጎ የወደቀበትን መታ። ዱብ። ትንሽ ራቅ አድርጎ መታ። ዱብ። መጋረጃውን እንደ ካባ እየጎተተ በጉልበቱ እየዳኸ እስከ በሩ ሄደና፣ ከተማው በሙሉ ውሃ ሲደፋበት የከረመውን ሊሾ መታ። ጢን። ደግሞ መታ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጥርት ብሎ ጢን።

ያኔ ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ሳቀ። ዕንባው ጢሙ ላይ እስኪወርድ ሳቀ። እኔ ከመድረኩ፣ ቬሊካ ከነድስቷ፣ ሳናውቅ አብረነው ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ያን ጠዋት ውሃ ይዘው የገቡትን አንድ በአንድ ቆጠረላት፤ ከዚያ ፊቱ ሌላ ሆነ።

«ይሄኛው ውሃ ስላገኘ ጠነከረ» አላት። «ያኛውን እኔ ነኝ የገደልኩት። ቶሎ እንዲደርቅልኝ ብዬ ማሞቂያ ደቀንኩበት። ለሰው ሁሉ የማልፈቅደውን።»

«ለምን?» አለችው፤ እያወቀች።

«እንዳትሄጂብኝ።»

ይሄን ጊዜ ግሮዝዳን የረሳትን ጠርሙስ ሊወስድ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። ነገሩን ሲሰማ እንደ ባልደረባ ሊረዳው ፈለገ። ምንም ችግር የለም፣ ዛሬውኑ ፓርኬውን ላንጥፈው፣ ባዶውም እርጥቡም ይሸፈናል አለ። እንጨቱ ማበጥ የሚጀምረው በፋሲካ ገደማ ነው፤ እስከዚያ እናንተ ተጋብታችኋል። ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ደግነት እውነተኛ ነበር።

ጾንዮ ማንም ሳያውቅበት ሁሉንም ማግኘት ይችል ነበር፤ ከእንጨት በታች ማን ያንኳኳል? መዶሻውን በእጁ አገላበጠው።

«አይሆንም ግሮዝዳን» አለ። «ከሥሩ ምን እንዳለ እያወቅሁ እላዩ ላይ አልጨፍርም።» ወደ እሷም ዞሮ «አልደረሰም ቬሊካ» አላት። «ለጾሙ አይደርስም። ትኬቱን ትላክልሽ።»

ቬሊካ ድስቱን መሬት አስቀመጠች። ወደ መድረኩ ፊት ሄዳ ባዶው ላይ ቆመችና ተረከዟን ጣል አደረገች። ዱብ።

«ይወድቃል?»

«ከሥሩ አርማታ አለ፣ የት ይወድቃል? ይጮኻል እንጂ። በክረምቱ በመርፌ እጠግነዋለሁ።»

«ይኼኛውስ ውሃ ቢሄድበት ይጎዳል?»

«ሊሾው? እንኳን ሊጎዳ። የሚጎዳው እንጨቱ ነው።»

ቅንድቧ ተነሣ። «እኔ ታዲያ ስለ እንጨት ምን ያልኩት ነገር አለ? አዳራሹ ይከፈት ነው ያልኩህ። በሩ እኮ ክፍት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ሲገባ የሚውለው በየት ነው? ደግሞ አንተ፣ መጋረጃውን አውልቅና ተነሥ። ሙሽራ እንዲህ አይለብስም።»

ግሮዝዳን፣ እና የኔ ፓርኬስ፣ ብሎ ጠየቀ። በፋሲካ ታነጥፈዋለህ፣ ሳይደርቅ ግን ዋ፣ አለችው። እንደገና ውሃ እንዳትደፋበትም ነገረችው። ሰውዬው ጆሮው ድረስ ቀላ። ሥራዬ ይቃናልኝ ብዬ እኮ ነው፣ እሱ ካልደረቀ እኔ መቼ ልሠራ፣ አለ።

ሠርጉ ጾሙ ከመግባቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ቅዳሜ ሆነ። ፓርኬ ያልለበሰው ግራጫ ሊሾ ታጥቦ፣ የተሰፋው ስንጥቅ ወለሉ መሐል እንደ ጠባሳ ይታያል፤ ከመድረኩ ፊት ጾንዮ ራሱ የሠራው ትልቅ የጠመኔ ክብ አለ። ሰዎች እሱ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው እንዲያልፉ አንድ በአንድ አስጠንቅቋል። ቄስ ሳቫ ሳይቀሩ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዞሩ። በሙሽሮቹ ራስ ላይ የሚቆረሰው ዳቦ ሲመጣ ጾንዮ ተቀበለው፤ ገለበጠውና መታ መታ አደረገው። ዳቦ ሻጯ ከሩቅ ሆና ይህን ስታይ አለቀሰች። ዳነ፣ ዳነ አለችኝ።

እማማ ኔዳ ደፉ ላይ ውሃ የሞላውን የመዳብ ባልዲ አቆሙ። ሙሽራ ስትገባ በቀኝ እግሯ ትመታዋለች፤ ውሃው ርቆ በሄደ መጠን ትዳሩ ያማረ ይሆናል እንላለን። ልጃገረዶች በጫማቸው ጫፍ ነካ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ቬሊካ ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ለጋችው። ባልዲው እየተንኳኳ እስከ መጻሕፍቱ ተንከባለለ፤ ውሃው በዚያ ልሙጥ ወለል ላይ ተዘርግቶ፣ ስንጥቁን ተሻግሮ፣ የጠመኔውን ክብ ግማሽ አጥቦ መድረኩ ሥር ደረሰ። ግሮዝዳን አጠገቤ ቆሞ፣ እንጨቴ ቢኖር ኖሮ ዛሬ የማለቅሰው ለብቻዬ ነበር አለኝ።

ሆሮው ተጀመረ። ቬሊካ በቀኝ እጇ መሐረብ እያውለበለበች ትመራለች፤ ግራ እጇን ጾንዮ ይዟል፤ ከእሱ ቀጥሎ መላው ከተማ። ወደ ክቡ በቀረቡ ቁጥር ጾንዮ ወደ ጎን ይስባታል፣ እሷም እሺ ብላ ትዞራለች። እኔ እንኳ፣ በልጅነቴ እንጂ ከዚያ ወዲህ ጨፍሬ የማላውቀው ሰውዬ፣ በሰልፉ ጭራ ተሰክቼ እግሬን ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ደስታ ምን እንደሆነ ብዙ ዓመት ጠይቄአለሁ፤ የዚያን ዕለት የጠየቅሁት ቀኝ የትኛው ነው ብዬ ብቻ ነው።

ከበሮ መቺው ምቱን ሲያፈጥነው ቬሊካ አልዞረችም። መሐረቧን ከፍ አድርጋ ቀጥ ብላ ክቡ ውስጥ ገባች። ተረከዟ ሲያርፍ ወለሉ ዱብ አለ። ጾንዮ ሳይወድ ተጎትቶ ገባ፤ ዱብ። ከእሱ በኋላ እማማ ኔዳ፣ ቄስ ሳቫ፣ ዳቦ ሻጯ፣ ግሮዝዳን፣ እያንዳንዱ በተራው እየገባ እየረገጠ ወጣ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ በዚያ አንድ እግሩን በሚጎትት ምት። ከበሮ መቺው እጁን አንሥቶ ቆመ፤ የሚጨምረው ነገር አልነበረውም።

ጾንዮ ፊቱ ጭምድድ ብሎ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ሲል ሰልፉ ዞሮ እኔ አጠገባቸው ደርሼ ነበር፤ ስለዚህ ሰማሁት።

«ይሰማሻል? ባዶ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አለችው። «እግርህን አንሣ።»

አነሣ።